600 ዶላሩን ልክፈል ወይስ ሚስቴን ልስማ?

ይድረስ ለጋሼ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። ባለትዳርና የአንዲት የ4 ዓመት ልጅ አባት ነኝ። ከጥቂት ዓመት ወዲህ አንድ አሜሪካዊ የሥራ ባልደረባዬ አደን አስለምዶኛል። ኮርሱን ወስጄ፣ ፈቃዱን አውጥቼ፣ 30-06 የተባለውን የጥይት ዓይነት የሚተኩስ ጠብመንጃ ገዝቼ በየመኸሩ አብረን ተራራ እንወጣለን። አምና ቀንቶኝ አንድ ኤልክ (ትልቅ የአጋዘን ዘር) ጥዬ ሥጋው ከእኛ አልፎ ለጎረቤትም ደርሷል።

ችግሬ የጥይት ዋጋ ነው። 20 ጥይት በ45 ዶላር እየገዙ ዒላማ መለማመድ ኪስ ይጎዳል። ባልደረባዬ ግን የተኮሰበትን ቀለህ እየሰበሰበ ጋራዡ ውስጥ መልሶ ይሞላል። አሁን አዲስ ማሽን ስለገዛ የድሮውን ዲሎን 550 በ600 ዶላር ልሽጥልህ ይለኛል። 308 ለሚባለው ሌላ የጥይት ዓይነት የሚሆን ዳይ (ማሽኑ ላይ የሚገጠም የጥይት መሥሪያ ቅርጽ) እና ግማሽ የደረሰ አንድ ጠርሙስ ባሩድ በነጻ ይመርቅልኛል። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልወሰድኩት ለሌላ ሰው ሊሰጠው ነው። የኔ ጠብመንጃ 30-06 ቢሆንም የሁለቱ እርሳስ (ከአፈሙዙ ወጥቶ የሚሄደው የጥይት ጫፍ) አንድ ነው ሲባል ሰምቻለሁ።

ለባለቤቴ ስነግራት «ቤቴ ውስጥ ባሩድ አይገባም!» አለች። ቤተሰቦቿ ደሴ ናቸው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እዚያ ሲደርስ ስልካቸው ጠፍቶባት እንቅልፍ ያጣችበትን ጊዜ አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ ጥይት ሲባል ትደነግጣለች። ጠብመንጃውን የቻለችው ካዝና ውስጥ ስለሚቆለፍ ነው። አብረውኝ የሚያድኑ ሁለት የሐበሻ ልጆች ደግሞ «ለእኛም ሙላልን፣ እንከፍልሃለን» እያሉኝ ነው። ማሽኑን ልግዛው? ለጀማሪ የትኛው ፕሬስ (የመሙያ ማሽን) እና ዳይ ይሻላል? እሷንስ ምን ልበላት?

ግራ የገባኝ፣ ከኦሮራ

*

ወንድሜ፣

አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልንገርህ፤ ማሽኑን አትግዛው። ጥይት መሙላቱን ተወው ግን አላልኩህም። እሱን ከባለቤትህ ጋር ተነጋግራችሁ የምትወስኑት ነው።

ባልደረባህ ሊያታልልህ የፈለገ አይመስለኝም። ዲሎን የአሪዞና፣ የስኮትስዴል ኩባንያ ነው፤ 550ውም ጠንካራ ማሽን ነው። ችግሩ ላንተ ዓይነት ሰው ታስቦ አለመሠራቱ ነው። «ፕሮግሬሲቭ» ከሚባሉት ነው። እጀታውን አንዴ ስትስብ አራት ቦታ ላይ ያሉ ቀለሆች በአንድ ጊዜ ይሠራሉ። አንዱ ቅርጹ ይስተካከላል፣ አንዱ ባሩድ ይገባበታል፣ አንዱ እርሳስ ይቀመጥበታል። በየሳምንቱ በሽጉጥ መቶ መቶ ጥይት ለሚያንደቀድቅ የውድድር ተኳሽ ግሩም ነው። ጀማሪ ግን ዓይኑ አራት ቦታ ሊሆን ነው።

ምን ሊፈጠር እንደሚችል ላሳይህ። በ550 ላይ ቀለሆቹ የተሰኩበትን ሳህን የምታዞረው አንተው በእጅህ ነው። ልጅህ «ባባ» ብላ ትጠራሃለች፣ ዞር ትላለህ። ስትመለስ ሳህኑን አዙሬዋለሁ ወይስ አላዞርኩትም? እንጃ። እጀታውን ትስባለህ። ሳህኑ ካልዞረ ያው ቀለህ ሁለተኛ ባሩድ ጠጣ ማለት ነው። በ30-06 ባሩዱ ሞልቶ ስለሚፈስ ታየዋለህ። በ9 ሚሊሜትር የሽጉጥ ጥይት ግን ብዙዎቹ የባሩድ ዓይነቶች እጥፍ ቢሆኑም ቀለሁ ውስጥ ይበቃቸዋል። ከላይ እርሳስ ከተቀመጠበት በኋላ ማንም አይለየውም፤ የሚታወቀው ሽጉጡ እጅህ ላይ ሲፈነዳ ነው። «እኔ የምሞላው 30-06 ብቻ ነው» ትለኝ ይሆናል። ይሁን፤ ግን ያ ማሽን ቤት ከገባ የሽጉጥ ጥይት መከተሉ አይቀርም።

አሁን እኔ ልጠይቅህ። በዓመት ስንት ጥይት ነው የምትተኩሰው? ዋጋውን ጽፈህልኛል፣ ብዛቱን ግን አልጻፍክም። ለኔ ዋናው ጥያቄ እሱ ነው።

እስቲ በግምት እናስላው። አንተ ለአንዱ ጥይት 2 ዶላር ከሩብ እየከፈልክ ነው። ራስህ ስትሞላ ቀለሁ በእጅህ አለ። አንድ የአደን እርሳስ 50 ሳንቲም ግድም፣ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ፕራይመር 10 ሳንቲም ገደማ ነው። ከአንድ ፓውንድ ባሩድ ወደ 120 የሚሆን የ30-06 ጥይት ይወጣልና የባሩዱ ድርሻ ከ35 እስከ 40 ሳንቲም ይመጣል። ተደምሮ 1 ዶላር አካባቢ ነው። ስለዚህ በአንዱ ጥይት 1 ዶላር ከሩብ ገደማ ታተርፋለህ። ደህና የጀማሪ ዕቃ ከነዳዩ፣ ከነሚዛኑና ከነመጽሐፉ ከ400 እስከ 500 ዶላር ይበላል። ወጪህን ለመመለስ ወደ 400 ጥይት መሙላት አለብህ ማለት ነው። በዓመት ሁለት ሦስት ሳጥን ብቻ የምትተኩስ ከሆነ ልጅህ አንደኛ ደረጃ ልትጨርስ ስትደርስ ገና ሂሳቡን እያካካስክ ነህ። በየወሩ ወደ ዒላማ ቦታ የምትሄድ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል፤ በዓመት ከምናምን ይመለሳል።

ብዙ ሰው ደግሞ ያተረፈውን አይቆጥብም፣ ባተረፈው ልክ አብዝቶ ይተኩሳል። ሥራውን ስለወደዱት ብቻ የሚሞሉም አሉ፤ ለጠብመንጃቸው የሚስማማውን ጥይት እየፈለጉ ሲያሻሽሉ ይውላሉ። ያ ቆንጆ ነገር ነው። ያንተም ፍላጎት እሱ ከሆነ ለባለቤትህም «ገንዘብ ለመቆጠብ ነው» አትበላት። «ደስ ይለኛል» በላት። የትኛው ነው ያንተ?

መልስህ «እሞላለሁ» ከሆነ ለጀማሪ የምመክረው ነጠላ ፕሬስ ነው። አንድ ዳይ ብቻ የሚሸከም፣ እጀታው አንዴ ሲሳብ አንድ ሥራ ብቻ የሚሠራ። 50 ቀለህ ካለህ መጀመሪያ 50ውንም ታስተካክላለህ፣ ከዚያ 50ውንም ፕራይመር ታለብሳለህ፣ እንዲህ እያልክ ትቀጥላለህ። ባሩድ ስትጨምር ሁሉንም ሣጥናቸው ላይ አቁመህ በባትሪ ከላይ ታይበታለህ። አንዱ ከጎረቤቱ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል። ፍጥነት የለውም። ለአደን ጥይት ፍጥነት ምን ይሠራልሃል?

ገበያው ላይ የሚታወቁት የአርሲቢኤስ ሮክ ቸከር፣ የሆርናዲ ሎክ ኤን ሎድ ክላሲክና የሊ ክላሲክ ካስት ናቸው። በዋጋ ሊ ይቀላል፤ ከዊስኮንሲን፣ ሃርትፎርድ የሚወጣ ነው፤ ርካሽ ነው ብለህ አትናቀው። ሊ ከአሉሚኒየም የሚሠራቸው ቀለል ያሉ ፕሬሶችም አሉት። ለሽጉጥ ጥይት ይበቃሉ። የ30-06 ቀለህ ረጅም ስለሆነ ሲጨመቅ ኃይል ይጠይቃል፤ ስለዚህ እኔ ብሆን የብረቱን ነው የምወስደው። ያገለገለ ሮክ ቸከር ካገኘህ ዝገቱ አያስፈራህ። ራሙ ማለትም ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደው ምሰሶ የማይወላወል ከሆነ ውሰደው። እንዲህ ዓይነት ብረት በቀላሉ አያልቅም። በነጠላውና በፕሮግሬሲቩ መካከል «ተሬት» የሚባል አለ፤ ከዓመት በኋላ ካሰኘህ ታየዋለህ።

ወደ ዳዩ ልምጣ። አዎ፣ የ308ና የ30-06 እርሳስ ውፍረቱ አንድ ነው። ቀለሁ ግን አንድ አይደለም። የ308 ቀለህ 51 ሚሊሜትር፣ የ30-06 ደግሞ 63 ሚሊሜትር ነው። ረጅሙን ቀለህ በአጭሩ ዳይ ውስጥ ልጭመቅህ ብትለው ይጨማደዳል እንጂ አይስተካከልም። ስለዚህ የተመረቀልህ ዳይ ላንተ አይሠራም። «30-06 ስፕሪንግፊልድ» የሚል የራስህን ስብስብ ግዛ፣ 50 ዶላር አካባቢ ነው። ለአደን ሁለት ዳይ ያለው ይበቃሃል። አንደኛው ቀለሁን ሙሉ በሙሉ ወደ ልኩ ይመልሳል፣ የተተኮሰውንም ፕራይመር ገፍቶ ያወጣል። ሁለተኛው እርሳሱን ያስቀምጣል። አንገቱን ብቻ የሚያስተካክል ዳይ ይሸጡልሃል፤ ለጊዜው እለፈው።

ደስ የሚለው ነገር የአብዛኞቹ ዳዮች ጥርስ አንድ ዓይነት ነው፤ ሰባት ስምንተኛ ኢንች፣ በኢንች 14 ጥርስ። የአንዱ ኩባንያ ዳይ የሌላው ፕሬስ ላይ ይገጥማል። የማይመሳሰለው የሼል ሆልደሩ (የቀለሁን ግርጌ የምትይዘው ትንሽ ብረት) ቁጥር ነው። ለ30-06 አርሲቢኤስ 3 ቁጥር ይላታል፣ ሊ 2፣ ሆርናዲ ደግሞ 1። ስትገዛ የሳጥኑን ጀርባ አንብብ። ሊ ብዙ ጊዜ ከዳዩ ጋር አብሮ ይሰጣል፣ ሌሎቹ ለብቻ ያስከፍላሉ።

ገጠማው እንዲህ ነው። ራሙን እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ታወጣለህ። ዳዩን ሼል ሆልደሩን እስኪነካ ድረስ በእጅህ ታጠብቀዋለህ። ራሙን ዝቅ አድርገህ ዳዩን ከስምንተኛ እስከ ሩብ ዙር ትጨምርበትና ቀለበቱን ትቆልፋለህ። ከዚያ ቀለሁን በጣም ስስ አድርገህ ቅባት ትቀባለህ። ይህን እንዳትረሳ። ቀጥ ላለ የሽጉጥ ቀለህ ካርባይድ ከሚባል ጠንካራ ነገር የተሠራ ዳይ ከገዛህ ቅባት ላያስፈልግ ይችላል፤ አንገት ላለው የጠብመንጃ ቀለህ ግን ግድ ነው። ያለ ቅባት የገባ ቀለህ ዳዩ ውስጥ ተነክሶ ይቀራል። ስትጎትተው ግርጌው ተቦጭቆ ይወጣል፣ ገላው እዚያው ይቀራል፤ ለማውጣት ሌላ መሣሪያ መግዛት ነው። ቅባት ሲበዛ ደግሞ የቀለሁ ትከሻ ይሰረጉዳል። ከተስተካከለ በኋላ ርዝመቱን በካሊፐር (ጥቃቅን ልኬት በሚለካ መሣሪያ) ለካው፤ ከ2.494 ኢንች ካለፈ ይከረከማል።

ግማሽ የደረሰውን ባሩድ መልስለት። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውና ውስጡ ያለው አንድ ለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለህ? እሱ ሐቀኛ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ቀን የሌላ ባሩድ ትራፊ ወደዚያ ቢገለብጥስ? ባሩድ እንደታሸገ ነው የሚገዛ። መጠኑንም ከሱም ሆነ ከኢንተርኔት አትውሰድ። እርሳስ ወይም ባሩድ ከሚሠራ ኩባንያ የወጣ አዲስ መመሪያ መጽሐፍ ግዛና ከመነሻው መጠን ጀምር። የሱ መጠን የሚሆነው ለሱ ጠብመንጃ ነው።

አሁን ወደ ባለቤትህ እንምጣ። «ባሩድ አይገባም» ስትልህ የምታወራው ስለ ባሩድ ብቻ ነው? ያኔ ስልኩ ያልተነሳላት ሰው አንተ ጋራዥ ውስጥ ቀለህ ስታንኳኳ የምትሰማው ሌላ ነገር ነው። ይህን በሂሳብ ልትረታው አትሞክር። ልጅቷ ከተኛች በኋላ «የሚያስፈራሽ የትኛው ነው? ፍንዳታው ነው፣ ልጃችን ናት፣ ወይስ ነገሩ ቤታችን ውስጥ መኖሩ ራሱ?» ብለህ ጠይቃትና ዝም በል። መልሷ ሦስተኛው ከሆነ ቁልፍም ሣጥንም አይፈታውም። ያን ጊዜ ሥራው ከቤት ውጭ ይሆናል ወይም ይቀራል።

ፍንዳታው ከሆነ የሚያሳስባት እውነቱን ንገራት። የዛሬ ባሩድ ክፍት ቦታ ላይ በኃይል ይነዳል እንጂ እንደ ቦምብ አይፈነዳም። ታፍኖ ሲቆለፍ ነው አደጋው። ስለዚህ «ከጠብመንጃው ጋር ካዝና ውስጥ እቆልፈዋለሁ» ብለህ አስበህ ከሆነ ተወው፤ ጥብቅ የብረት ካዝና ለባሩድ መጥፎ ቦታ ነው። በራሱ ጠርሙስ፣ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ፣ በሚቆለፍ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ፕራይመሩ ደግሞ በፋብሪካ ማሸጊያው ውስጥ እንዳለ ለብቻው፣ ከባሩዱ ርቆ። ቤቱ የኪራይ ከሆነ ውሉን፣ ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የምትጋሩ ከሆነ የነዋሪዎች ማኅበሩን ደንብ አንብብ። የከተማህን እሳት አደጋ መሥሪያ ቤትም ምን ያህል ማስቀመጥ እንደሚፈቀድ ደውለህ ጠይቅ።

እሷ ያላነሳችው፣ አንተ ግን ልታነሳው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ፕራይመር በአብዛኛው የእርሳስ (የጥይቱ ጫፍ ሳይሆን ሊድ የተባለው መርዛማ ብረት) ውሁድ አለበት። ከተተኮሰ ቀለህ የሚወጣው ጥቁር ብናኝ እሱን ይዞ ነው የሚመጣው። በልጆች ደም ውስጥ ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን የለም፤ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከልም የሚለው ይህንኑ ነው። የ4 ዓመት ልጅ ደግሞ ያየችውን ሁሉ በእጇ ነክታ እጇን አፏ ውስጥ ትከታለች። ስለዚህ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ቀለህ አይታሰብም። ስትሠራ አትበላም፣ አትጠጣም፤ ስትጨርስ እጅህን በሳሙና ትታጠባለህ፣ ልብስህን ቀይረህ ነው ልጅህን የምታቅፋት። የፈሰሰ ባሩድም በቫኪዩም አይጠረግም፤ ሞተሩ ብልጭ ካለ ይቀጣጠላል። ይህን ከሌላ ሰው ከምትሰማው ካንተ ትስማ። መጥፎውን ራስህ ስትነግራት ደህናውንም ታምንሃለች።

ለሁለቱ ጓደኞችህ «አልችልም» በላቸው። ለራስህ መሙላት የፌዴራል ፈቃድ አይጠይቅም። ሞልቶ መሸጥ ግን የአምራች ፈቃድ ይጠይቃል፤ «ጓደኛሞች ነን» ማለት አያድንም። በነጻም ቢሆን አይመከርም። ለአንተ ጠብመንጃ የተስማማ ጥይት በነሱ ላይ ከልክ ያለፈ ግፊት ሊፈጥር ይችላል። ከመካከላቸው በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ካለ ደግሞ የባሰ ነው። በፌዴራሉ ሕግ የስደተኛ ያልሆነ ቪዛ የያዘ ሰው፣ እንደ አደን ፈቃድ ያለ ልዩ ሁኔታ ከሌለው በቀር፣ ጠብመንጃም ጥይትም መያዝ አይችልም። እንዲህ ያለው ሰው ጠበቃ ይጠይቅ። ግሪን ካርድ የያዘ በዚህ አይነካም።

እንግዲህ እኔ ባንተ ቦታ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ባልደረባዬን «አመሰግናለሁ፣ ማሽኑን ለሌላው ስጠው፤ ይልቅ አንድ ሁለት ቅዳሜ ጋራዥህ ውስጥ አስተምረኝ» እለዋለሁ። እውነተኛ ወዳጅ ከሆነ በዚህ አይቀየምም። የራሴን የ30-06 ዳይ፣ ካሊፐርና መጽሐፉን ብቻ እገዛለሁ። አዲሱ ማሽኑ ዳዬን ይቀበል እንደሆነ አስቀድሜ እጠይቃለሁ፤ አብዛኞቹ ይቀበላሉ። እሱ አጠገቤ ቆሞ፣ አንድ ቀለህ ብቻ እያስገባሁ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እሠራለሁ። ባሩዱም ፕራይመሩም እዚያው እሱ ጋ ያድራል። ወደ ቤት የሚመጣው ታጥቦ የደረቀ ዳይና መጽሐፍ ነው፤ ባለቤትህም ከፈለገች ታየዋለች። እስከሚቀጥለው የአደን ወቅት የተኮስኩትን ጥይት ሁሉ እመዘግባለሁ።

ከዚያ ቁጥሩ ከፍ ካለና እሷም እሺ ካለች ነጠላውን ፕሬስ ወፍራም ጣውላ ላይ በቡሎን አስረህ በክላምፕ ከጋራዡ ጠረጴዛ ጋር ትነክሰዋለህ። ሲያልቅ ፈተህ ትቆልፍበታለህ። ፕሬሱንና ዳዩን በኢንተርኔት ብታዝ ችግር የለውም። ባሩድና ፕራይመር ግን እዚያው ኦሮራ ወይም ዴንቨር ሱቅ ሄደህ ግዛ፤ በፖስታ ሲመጡ የአደገኛ ዕቃ ማጓጓዣ ክፍያ ይታከልባቸዋልና አንድ ጠርሙስ ለማዘዝ አያዋጣም።